ከጀልባዎቹ ጀርባ

ቨርና ኬስለር የደጇን ነጭ እብነ በረድ ደረጃ በብሩሽና በሳሙና ስትፈትግ፣ በተከፈተው የሳሎን መስኮት በኩል ከራዲዮ የእህቷን ድምፅ ሰማች። ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በላይ ያልሰማችው ድምፅ ነው፤ ሻክሯል፣ አርጅቷል፣ እሷ ግን የመጀመሪያው ቃል ሳያልቅ ለየችው። ጋዜጠኛው ሰባ ዓመት ስለሞላት ስመ ጥር ሠዓሊ፣ ስለ ፓሪስና ስለ ሜክሲኮ፣ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ በእጇ ስለሠራችው የጭቃ ቤት ሲያወራ ቆይቶ በመጨረሻ በስልክ መስመር ላይ ያለችውን እንግዳውን፣ "እዚሁ ባልቲሞር ነው ተወልደው ያደጉት፤ ቅዳሜ የሥዕል ትርኢትዎ ሲከፈት ከቤተሰብ የሚገኝ ይኖራል?" ብሎ ጠየቀ። ሄስተር፣ "አንድ እህት ነበረችኝ፤ መልስ አልሰጠችኝም" አለች። ከዚያ የሳሙና ማስታወቂያ ገባ።

አጠገቧ የራሷን ደረጃ የምትፈትገው ጎረቤቷ ሎረታ ብሩሿን አቆመች። "ሄስተር ብራንት ነው ያለው? አንቺስ ሳታገቢ ብራንት አልነበርሽም እንዴ?"

"ነበርኩ።"

"እህትሽ ናት፣ የኔ ማር?"

"ናት።"

"ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ደረጃ ስንፈትግ አንድ ቀን ትንፍሽ አላልሽም።"

"አልጠየቅሽኝማ።"

"'የደበቅሻት ሠዓሊ እህት አለችሽ ወይ' ብሎ ሰው ጎረቤቱን ይጠይቃል?" አለች ሎረታ። ቨርና የቀሩትን ሁለት ደረጃዎች እንደነገሩ አጥባ፣ የባልዲውን ውኃ መንገድ ላይ ደፍታ ገባች። ሎረታ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ መንደሩን እንደምታዳርስ ታውቃለች፤ ግን ያን ቀን የከነከናት የሎረታ አፍ አልነበረም።

መልስ አልሰጠችኝም። ለምኑ ነው መልስ ያልሰጠችው? ቨርና በዚህ ዓለም ላይ የምትኮራበት ነገር ቢኖር የሰው ደብዳቤ አለማሳደሯ ነው። የገና ካርድ የላከላትን ሁሉ፣ የጥርስ ሐኪሙን ሳይቀር፣ በሳምንቱ ትመልሳለች። መልስ የነፈገችውስ ማን ሆነና ነው? በ1934 ነሐሴ እናታቸው በሙቀቱ መሀል ስትታመም፣ ሄስተር በምትከርምበት በሜን የባህር ዳርቻ አድራሻ ሁለት ቴሌግራም የላከች እሷ ናት። የመጀመሪያው "እማዬ ታማለች፣ ነይ" ይላል። ሁለተኛው "አሁን ካልመጣሽ ከእንግዲህ አትምጪ" ይላል። ሁለቱም ድንጋይ ላይ እንደ ወደቁ ቀሩ። እናታቸው አሥራ አንድ ቀን ሙሉ "ሄስተር መጣች?" ስትል ሰንብታ፣ በመጨረሻው ምሽት መጠየቁን ተወችው፤ በማግስቱ ጠዋት አረፈች። ቨርና እናቷ ተስፋ ቆርጣ ነው የሞተችው ብላ ታምናለች። ከሞቱ ይልቅ አንጀቷን ሲያቃጥላት የኖረው ያ መጠየቅ ማቆም ነው። በዚያ ሙቀት ሬሳ አይቆይም፤ በሁለተኛው ቀን ቀበሯት፤ ሄስተር በቀብሩም የለችም። ጥቅምት ላይ ግን በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ አንድ የጣውላ ሰሌዳ በፖስታ መጣ። ደብዳቤ የለው፣ ሰላምታ የለው። ቨርና ከነማሰሪያው አንስታ ለባሏ ሰጠችውና "የፈለግከውን አድርገው፣ እኔ እንዳላየው" አለችው። ኦቲስ ነገር የማያበዛ ሰው ነበር፤ ወደ ምድር ቤቱ ይዞት ወረደ፣ ከሳምንት በኋላ በኦክ እንጨት ፍሬም አስገብቶ፣ ጀርባውን በወፍራም ወረቀት ለጥፎ ይዞት ወጣ። ግራጫ ባህር ላይ የቆሙ ሦስት ጀልባዎች ናቸው። የምግብ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የድሮው ምድጃ ጭስ መውጫ የነበረ ክብ ቀዳዳ ስላለ በእሱ ላይ ሰቀለው። ቨርናም እህቷን ሳይሆን ቀዳዳውን አስባ ዝም አለች።

ትርኢቱን የሚያዘጋጀው ሙዚየም ክረምቱን በጻፈላት ደብዳቤ ሥዕሉን ለአራት ወር እንድታበድር ሲጠይቃት እሺ ያለችው፣ እምቢ ለማለት ምክንያት መጻፍ ስለነበረባት ነው። ደግሞም፣ ለማንም አትናገረውም እንጂ፣ የእህቷን ኑሮ ለማወቅ ትጓጓለች። ያቺ ሴት ሠላሳ ዓመት ምን በልታ ኖረች? ማን ጋ አደረች? ቅዳሜ ደረጃው ስር ቆማ በሩን ብታንኳኳ ቨርና ከፍታ የምትላትን ቃል በልቧ አዘጋጅታለች፤ ቃሉም "ዘግይተሻል" የሚል ነው። ከዚያ በሩን መዝጋት ነው። ይህን አስባ ጨርሳ ነበር። የዛሬው የራዲዮ ነገር ግን አደናገራት፤ በዳዩ ቀድሞ ሲከስ ተበዳይ ግራ ይገባዋልና።

የሙዚየሟ ልጅ ረፋዱ ላይ መጣች። ሚስ ፕሩይት ትባላለች፤ ቀጭን፣ መነጽራም፣ በእጇ ነጭ የጥጥ ጓንት የያዘች። ሹፌሩ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሳንድዊቹን ፈታ። ቨርና በረዶ የገባበት ሻይና የዝንጅብል ብስኩት አቀረበችላትና ልጅቷ የያዘችውን ወረቀት ተቀብላ አየት አደረገች። በታይፕ የተጻፉ ሁለት ገጾች ናቸው፤ የሄስተር ሕይወት በየዓመቱ ተከፋፍሎ ተደርድሯል። ቨርና መነጽሯን ከአፍንጫዋ ላይ ገፋ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። ፓሪስ፦ ከዳቦ ቤት በላይ አንድ ክፍል፣ ለቱሪስት ፖስት ካርድ እየቀለሙ። ታኦስ፣ ኒው ሜክሲኮ፦ በአህያ ጀርባ ሸራ ጭኖ ተራራ ለተራራ። ሜክሲኮ፦ ለአንድ ሆቴል ግድግዳ ላይ ሐብሐብ መሣል፣ በክፍያው ፋንታ የሦስት ወር እራት። ሜን፦ ለእንጨት ቆራጮች ምግብ አብሳይ። ቨርና እዚህ ላይ ሳታስበው ፈገግ አለች። ሄስተር በልጅነቷ ውኃ ማፍላት የማታውቅ ልጅ ነበረች።

"አላገባችም?" አለች ቨርና ቀና ሳትል።

"አንድ ጊዜ ሊያገቡ ነበር ይላሉ። ሰውየው 'ከሠርጉ በኋላ ዕቃሽን የት እናስቀምጠው' ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ዕቃ ማለቱ ሥዕሎቹን መሆኑን ሰምተው ተዉት።"

"ይህ እሷን ይመስላል።"

ሚስ ፕሩይት ብስኩቱን አስቀመጠች። ለብዙ ወራት ስለ አንዲት ሴት ስታነብ ኖራ፣ የዚያችን ሴት የአንድ እናት ልጅ ፊት ለፊቷ ስታገኝ ዓይኗ በርቷል። "አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በ1934 ነሐሴ ላይ አምስት ቀን ይጎድለኛል። ከሜን ተነስተው ጠፉ፤ በአምስተኛው ቀን ተመለሱ። የእንጨት ቆራጮቹ አለቃ ደሞዝ የቆረጠበት ወረቀት አለ። የት ሄደው እንደነበር ስጠይቃቸው 'ቤት' ብቻ ብለው ጨዋታ ለወጡ።"

"እዚህ አልመጣችም" አለች ቨርና። "ያን እኔ አውቃለሁ። ከእናቴ አልጋ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።"

ሚስ ፕሩይት ይቅርታ የመጠየቅ ያህል ራሷን ነቅንቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሥዕሉን ከግድግዳው አውርዳ፣ ፎጣ የተነጠፈበት የምግብ ጠረጴዛ ላይ በፊቱ አስተኛችው። ግድግዳው ላይ የጭስ መውጫው ቀዳዳ በቆርቆሮ ክዳኑ ተገለጠ፤ ቨርና ሰው ፊት የውስጥ ልብሷ የታየ ይመስል አፈረች።

"ጀርባውን ብከፍተው ይፈቅዱልኛል? እኛ ዘንድ የሥዕል ጀርባ ሳይታይ አይመዘገብም። ሠዓሊ ቀኑንም ስሙንም የሚጽፈው እዚያ ላይ ነው።"

"ባሌ በሙጫ ነው የለጠፈው። ከቀደድሽው መልሰሽ ትለጥፊዋለሽ።"

"እለጥፋለሁ" አለች ልጅቷ። ከቦርሳዋ ስስ ቢላ አውጥታ የወረቀቱን ዙሪያ ቀስ እያለች ቆረጠችው። የኦቲስ ሙጫ ጥሩ ሙጫ ነበር። ወረቀቱ እንደ ድንች ልጣጭ እየተጠቀለለ ወጣ። ግማሹ ሲገለጥ ሚስ ፕሩይት እጇን ሰበሰበች፤ የቀረውን በትንፋሿ ብቻ የምትገልጠው ይመስል ጎንበስ ብላ ላጠችው። ከዚያ ቀና ብላ "ሚስስ ኬስለር፣ እስቲ ይምጡ" አለች።

በሰሌዳው ጀርባ ሌላ ሥዕል አለ። አንድ ክፍል ነው፤ መጋረጃው ግማሽ ድረስ የወረደ መስኮት፣ የብረት አልጋ፣ አልጋው ላይ በትራስ ተደግፋ የተቀመጠች አሮጊት። ከአልጋው አጠገብ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ተኝታለች። አንድ ጫማዋ ወልቋል፣ ፀጉሯን በወንድ መሐረብ አስራለች፣ አንገቷ ወደ ኋላ ወድቆ አፏ ተከፍቷል። ከእግሯ ስር በሳፋ ውስጥ የበረዶ ግግር ተቀምጧል፤ ከበረዶው ጀርባ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ። ቨርና መጀመሪያ ያየችው የተከፈተውን አፍ ነው። ሰው ምን ይሁን ምን ቀድሞ የሚያየው የራሱን መልክ ነው፤ እሷም "ምነው አፌን እንኳ ብትዘጋልኝ" ብላ አሰበች። ቀጥሎ በረዶውን አየች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በረዶውን ኦቲስ ከበረዶ ቤት ተሸክሞ ያመጣው በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ብቻ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እዚያ ክፍል ውስጥ በረዶ ተቀምጦ አያውቅም። ይህን በወሬ ሰምቶ የሚሥለው የለም። የሣለው ሰው ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ከበሩ አጠገብ፣ የቁም ሳጥኑ ጋ፣ እሷ ተኝታ ሳለ።

"ገንዘብ ሲያጥራቸው በሁለቱም ገጽ ይሠሩ ነበር" አለች ሚስ ፕሩይት በለሆሳስ። "ያልወደዱትን ሥዕል ገልብጠው ጀርባውን ይጠቀሙበታል። ጀልባዎቹ የተጣሉ ናቸው፣ ሚስስ ኬስለር። ሥዕሉ ይሄኛው ነው።" ከዚያ በጓንቷ ጣት የታችኛውን ጥግ አመለከተች። በቀጭን ብሩሽ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ "ለቨርና፣ ስትነቃ" የሚል ተጽፎበታል።

ቨርና እናቷን ነበር የምታየው። አሮጊቷ አልተኛችም። ዓይኗ ተከፍቶ ቀጥታ ወደ ፊት፣ ወደሚሥላት ሰው ያያል፤ በፊቷ ላይ ያለው ነገር ደግሞ የተስፋ መቁረጥ አይደለም። ልጇ ከሩቅ መንገድ ገብታ እህል ሳትቀምስ ቀለም መበጥበጥ የጀመረችባት እናት ፊት ነው፤ ትንሽ ተቆጥታለች፣ ትንሽ ትስቃለች፣ ከሁሉ በላይ ግን ጠግባለች። ያን ምሽት እናቷ "ሄስተር መጣች?" ብላ ያልጠየቀችው ተስፋ ስለቆረጠች አልነበረም። መጥታላት ስለነበረ ነው። ቨርና ይህን ስታውቅ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ደረቷ ላይ የተጫነ ነገር ተነሳላት፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ደሟ ፈላ። እዚህ ነበረች። ወለሉን ረግጣ፣ እናቷን ስማ፣ ከታጠበው ብርጭቆ ውኃ ጠጥታ፣ አንዲት ሳሕን እንኳ ሳታነሳ ቁጭ ብላ ሣለች። የደከመውን ሰው ደግፎ ማስተኛት ሲገባ፣ ድካሙን ሣለች። የትኛው ይብሳል፣ አለመምጣቱ ወይስ መጥቶ ሳይቀሰቅሱ መሄዱ?

ኦቲስም አይቷል። ወረቀት ቆርጦ፣ ሙጫ ቀብቶ፣ ጠርዙን በጣቱ ተጭኖ የሸፈነው እሱ ነው። ያኔ ከቀብሩ ሁለት ወር አልሞላም፤ እሷ ገና የእናቷን ስም በሰማች ቁጥር ከጠረጴዛ የምትነሳበት ጊዜ ነበር። ምናልባት አዝኖላት ይሆናል። ምናልባት ሲረጋጋ አሳያታለሁ ብሎ፣ ቀን ቀንን እየወለደ ረስቶት ይሆናል። ደግሞስ "እኔ እንዳላየው" ያለችው ማን ናት? ኦቲስ የተባለውን የሚፈጽም ባል ነበር። ከሞተ አራት ዓመት ሆነው፤ ሙት አይጠየቅም። ቨርና ግን ጠየቀችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሞተ ባሏ ላይ ድምፅ አውጥታ "አንተ ሰውዬ" አለች።

ሚስ ፕሩይት ያልሰማች መሰለች። "ከፈቀዱ ሁለቱም ገጽ እንዲታይ አዳራሹ መሀል እናቆመዋለን" አለች። "ስለ ነሐሴው አምስት ቀንም…"

"ገና አይሄድም። የሄስተርን የቤት ስልክ ቁጥር ይዘሻል?"

"ይዣለሁ፤ ግን አሁን ቀን ነው፤ የሩቅ ጥሪ ከመሸ ዋጋው በግማሽ…"

"አውቃለሁ መቼ እንደሚቀንስ።"

ቨርና በዕድሜዋ በቀን ዋጋ ሩቅ አገር ደውላ አታውቅም። ሚስ ፕሩይት አስተዋይ ልጅ ናት፤ ሹፌሩን ላናግረው ብላ ወጣች። ስልኩ ኮሪደሩ ላይ ነው፣ ከደረጃው ስር፣ ትንሽ በርጩማ ያለበት ቦታ። የስልክ ቤቷ ሴት ቁጥሩን ተቀብላ፣ መስመሩ ሲንጫጫ፣ ሲጠፋ፣ ተመልሶ ሲመጣ ቨርና የግድግዳውን ወረቀት በጥፍሯ ትልጥ ነበር። በመጨረሻ ያ በራዲዮ የሰማችው ሻካራ ድምፅ "ሃሎ" አለ።

"ቨርና ነኝ።"

ከሩቅ ውሻ ይጮኻል፤ የኒው ሜክሲኮ ውሻ።

"ሰው ሞተ?" አለች ሄስተር።

"የሚሞተው ሁሉ ሞቷል። ዛሬ በራዲዮ 'መልስ አልሰጠችኝም' ስትዪ ሰማሁሽ። ለምኑ?"

"ለሥዕሉ ነዋ። ደብዳቤ መጻፍ እንደማልችልበት ታውቂያለሽ። ያንን ላክሁልሽ። ቀለሙ እስኪደርቅ እስከ ጥቅምት ጠበቅሁ። ከዚያ መልስሽን ጠበቅሁ። ገና አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ። አየችው፣ ይቅር አላለችኝም ብዬ ተውኩት። ምን ልበል፣ አልፈርድብሽም።"

"ያየሁት ዛሬ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ኦቲስ ገልብጦ ነው ፍሬም ያስገባው። ጀርባውን ለጥፎታል። እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጀልባ ነው ያየሁት።"

"እነዚያን የማይረቡ ጀልባዎች?" አለች ሄስተር፤ ሳቀችም፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሆነ። ቨርና ይህን ድምፅ ከልጅነታቸው ታውቀዋለች። ሄስተር ሁልጊዜ ለቅሶዋን የምትጀምረው በሳቅ ነበር። እስክትጨርስ ጠበቀቻት፤ ጥበቃው በደቂቃ የሚቆጠር ገንዘብ መሆኑም ትዝ አላላትም።

"ለምን አልቀሰቀስሽኝም?"

"ልቀሰቅስሽ ነበር። እጄን ትከሻሽ ላይ ላሳርፍ ስል እማዬ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። 'አራት ሌሊት አልተኛችም፤ ተያት' አለችኝ። እሷ ያለችው ነው፣ ቨርና። ከዚያ በኋላ ምን ላድርግ? እጄ ሥራ ሲፈታ እብድ ነኝ። ሰሌዳው ነበረኝ፣ ቀለሙ ነበረኝ። እሷም 'በይ ሣዪን፣ አንቺ እንደሆነ ሌላ አትችዪ' አለችኝ።"

"ሌላስ ምን አለችሽ?"

"'ከስተሻል' አለችኝ።"

ቨርና እጇን አፏ ላይ አደረገች። እናቷ ለሁሉም የምትለው ነው፤ ለጎረቤት፣ ለቄሱ፣ ለፖስተኛው።

"ለምን ሄድሽ ታዲያ?" አለች።

"ከሰዓት በኋላ የአሥር ሰዓቱን ባቡር ለመያዝ። እውነቱን ንገሪኝ ካልሽ፣ ነቅተሽ እንዳታዪኝ። ሁለተኛውን ቴሌግራምሽን ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር። የመሳፈሪያ ገንዘብ እስካገኝ ሦስት ቀን ዘግይቻለሁ፤ አንቺ ደግሞ አትምጪ ብለሻል። እማዬ ደህና መሰለችኝ፣ ቀና ብላ ታወራ ነበር። በሳምንቱ ተመልሼ እመጣለሁ፣ ያኔ ቨርና ትበርዳለች አልኩ። ሜን ስደርስ ኦቲስ የላከው የሞቷ ቴሌግራም ቀድሞኝ ነበር። ከዚያ በምን ፊቴ? እኔ በረሃ ለብቻዬ ማደር አልፈራም፤ አንቺን ግን ከሕፃንነትሽ ጀምሮ እፈራሻለሁ።"

"ፈሪ" አለች ቨርና። ስድቡ ግን እንደ ስድብ አልወጣላትም። ከውጭ የሹፌሩና የሚስ ፕሩይት ወሬ ይሰማል፤ ሎረታም ተጨምራበታለች፤ መጥረጊያ ይዛ የወጣችው ለመጥረግ አልነበረም። ቨርና በርጩማው ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች። "ጠልቼሽ ነበር፣ ሄስተር። በየቀኑ አልልሽም፤ ሥራ አለብኝ። እሑድ እሑድ፣ በገና፣ በእማዬ ሙት ዓመት። አጥብቄ ነው የጠላሁሽ። አሁን ያን ሁሉ የት ላድርሰው?"

"አላውቅም" አለች ሄስተር። "እኔም እንዳልተወደድኩ አድርጌ ነው የኖርኩት። በዚያ ዓይን ብዙ ሣልኩበት። አሁን ሰባ ዓመቴ ነው፤ ሌላ ዓይን ከየት አመጣለሁ?"

የስልክ ቤቷ ሴት በመሀል መስመሩ ላይ ገብታ "መስመሩ ይቀጥል?" ብላ ጠየቀች። ቨርና "ይቀጥል" አለች።

"አፌን ግን ከፍተሽ ሥለሽኛል። ሙሉ ከተማ ሊያየኝ ነው፤ የጥርስ ሐኪሜ ሳይቀር።"

"አይሂድ ካልሽ አይሄድም። ያንቺ ነው።"

ቨርና በተከፈተው የምግብ ክፍል በር በኩል ጠረጴዛው ላይ የተኛውን ሰሌዳ አየች። ከዚህ ርቀት የሚታየው የእናቷ ነጭ ትራስ ብቻ ነው። "ይሂድ" አለች። "ሰው ይይ። አንቺ መቼ ነው የምትደርሺው?"

"ዓርብ ቀን። ሆቴል ይዘውልኛል፣ ሙዚየሙ አጠገብ።"

"ሆቴሉን ተዪው፤ ክፍሉ አለ። እንደዚያ ጊዜው በሩ አይቆለፍም፤ ግቢ። እኔ አሁን አርጅቻለሁ፣ ከምሳ በኋላ የተቀመጥኩበት እንቅልፍ ይወስደኛል።" በጥፍሯ የላጠችውን የግድግዳ ወረቀት መልሳ በጣቷ ተጫነችው። "ተኝቼ ካገኘሽኝ ቀስቅሺኝ።"